የተጠረገው ዋሻ

ጋሽ በላቸው ከቢቸና በታች፣ ወንዙ ዳር የሚኖሩ ቆዳ ፋቂ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግን «አንተ» ይላቸዋል። እኔም ልጅ ሳለሁ እል ነበር። ድግስ ሲኖር የሚበሉት በር ላይ፣ ለብቻቸው ነው። እሳቸው ፍቀው ባለሰለሱት አጎዛ ላይ የሚተኛ ሁሉ እጃቸውን ይጸየፋል!

ከቤታቸው በላይ፣ ገደሉ ላይ፣ ቆዳ የሚያደርቁበት ዋሻ አለ። አንድ ቀን ወለሉን ሲጭሩ ጠርዙ የሰላ ጥቁር ድንጋይ አገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን ይወረውረው ነበር። እሳቸው ግን እጃቸው ላይ ልክ ሲሆንላቸው ምንነቱን አወቁት፤ በበግ ቆዳ ሞከሩት፣ ፋቀ። ስድስት ዓመት በጨርቅ ቋጥረው ቢቸና ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። «ደግሞ ጠጠሩን ይዞ መጣ» እየተባለ ተሳቀባቸው።

እኔ አሁን ሞጣ አስተምራለሁ። ድንጋዩን ፎቶ አንስቼ ለቅርስ አጥኚዎች ላክሁት። አጥኚዎቹ «እንመጣለን» ብለው ሲመልሱልኝ ጋሽ በላቸው አለቀሱ። ገበያ መሀል ቆመው፣ «ብረት ሳይኖር የነበረ ሰው ሥራው የኔ ሥራ ነው። ከባለሙያዎቹ አፍ ትሰሟታላችሁ» አሉ። ከዚያች ቃል ሌላ የፈለጉት ነገር አልነበረም።

መክሊት የምትባል አጥኚ ባልደረቦቿን ይዛ መጣች። ሰፈሩም ሊሰማ ተከተለን። ዋሻው ጥርግርግ ብሎ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት ጠበቀን። መክሊት ቄጤማውን ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ባዶ አለት ነው።

«አፈሩስ?»

«የፋቂ ነገር ይሸታል እንዳትሉኝ ብዬ» አሉ ጋሽ በላቸው፣ ኩራት ኩራት እያላቸው፣ «ከባለቤቴ ጋር ሳምንት ሙሉ ቆፍረን ወንዝ ጨመርነው።»

ወንዙ ደግሞ ሞልቶ ነበር።

«አባባ፣ የመጣነው ለአፈሩ ነበር» አለች መክሊት። «ድንጋዩ የማን፣ የመቼ እንደሆነ የሚነግረን የተቀበረበት አፈር ነው። አሁን ምንም ማለት አልችልም።»

ከኋላ አንዱ፣ «እንግዲህ ጠጠርህን ብላ!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

እኔ ለአጥኚዎቹ ስለዚያ አፈር ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። ለእሳቸው ግን «አይንኩት» የምትል አንዲት ቃል አልነገርሁም። ያን ያህል የተማርሁ ደደብ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ተስካር ላይ አገኘኋቸው፤ እንደ ወትሮው በር ላይ ናቸው። ምግቤን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ጠጋ አሉልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ እርስዎ የአፈሩን ነገር ያውቁ ኖሯል» አሉኝ። «ምነው ታዲያ አንዲት ቃል ቢነግሩኝ?»