የአያቴ የመንገድ ድስት

አያቴ በየዓመቱ በእግራቸው ገዳም ሊሳለሙ ሲነሱ ድስታቸውን ያቀሉ ነበር። ጆሮዎቹን ቆርጠው ቀጭን ሽቦ አሰሩለት፤ ከባዱን ክዳን በቆርቆሮ ቀየሩት፤ ምድጃቸውም በሚስማር የተበሳሳ የቲማቲም ጣሳ ነበር። «እቤት ያልቀነሱት ሸክም ዳገት ላይ ይጨምራል» ይሉ ነበር።

ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህም ደጃፍ ተቀምጠው የድስቱን ከንፈር ይሞርዱ ነበር።

«አባባ፣ መንገድ በሌለበት የት ሊሄዱበት ነው?» አልኳቸው፣ መረረኝና።

«መንገዱ የተከፈተ ዕለት ቁጭ ብዬ ልሞርድ ኖሯል?» አሉኝ።

መንገዱ ሳይከፈት አረፉ። አስከሬናቸውን እንኳ ወደ ተወለዱበት ቁይ መውሰድ አልቻልንም፤ እዚሁ ማርቆስ ከተማ ቀበርናቸው።

የሞረዱ ብናኝ ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ገና አለ። ዛሬ ድስቱን በአንድ ጣቴ አንጠልጥዬ እስከ አጥሩ በር ሄድኩና ተመለስኩ።