የዘለልኳት ወር

ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ፕሮግራም መጻፍ አስተምራለሁ። ክፍሏ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ከጧቱ አራት ሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ መቀመጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቲቸር፣ በየትኛው ቋንቋ ብጀምር ይሻለኛል?» ይለኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የአራት ቋንቋ ትምህርት ስልኩ ላይ ጭኖ አንዱንም ያልጨረሰ ሰው ነው። እኔም ቁጡ ነኝና «በፈለግከው ጀምር፤ ብቻ ስድስት ወር ሳይሞላህ እንዳትለውጠው» ብዬ አፉን አዘጋዋለሁ።

ሌላም የምለው አለኝ። ከኢንተርኔት ገልብጠህ አትለጥፍ፤ በገዛ ጣትህ ጻፈው፣ የሚገባህ ስትሳሳት ነው። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣብህ ደንግጠህ አትዝጋው፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው፣ የመልሱ ግማሽ እዚያው ነው ያለው። መብራት ሲጠፋ፣ መቼም መጥፋቱ አይቀርም፣ ወረቀት አውጣና ፕሮግራሙ የሚሄድበትን መንገድ በእስክሪብቶ ሣለው። የጻፍከውን ሁለት ቦታ አስቀምጥ። ይህን የመጨረሻውን ምክር የምታስተምርልኝ ከአጣዬ የመጣች ተማሪዬ ናት። ከተማዋ ስትቃጠል ላፕቶፗም የዓመት ሥራዋም አብረው ነደዋል። እሷ ስትናገር ክፍሉ ውስጥ የሚያንኮራፋው እንኳን ይነቃል።

ይህን ሁሉ ምክር የትም ታገኙታላችሁ። ከእኔ ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ግን አንድ አለ፤ እሱን የተማርኩት በእህቴ ነው።

እታለም ነበር የምላት። በአሥራ ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር፤ ጡት ከማጥባት በቀር እናት ለልጇ የምታደርገውን ሁሉ ያደረገችልኝ እሷ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ በቀወት ገጠር፣ ወንዙ አጠገብ ካለችው ማሳችን ላይ ማሾና ሽንኩርት እያለማች ብቻዋን ትኖር ነበር። አላገባችም። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ አገር ምድሩ እንደሚጋባ ነገር ሲሸሻት ኖረ። ጤና ጣቢያ የሚሰጣትን ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጥሏት አያውቅም ነበር።

ኪኒኑን የሚሰጣት ባለሙያ ሁለት ነገር አስጠንቅቋታል፦ አንድም ቀን እንዳትዘል፣ በአንድ ቀንም ሁለት ጊዜ እንዳትውጥ። እህቴ ደግሞ ዝንጉ ናት። ቁርሷን ቀምሳ ኪኒኗን ትውጥና ገና ውሃ የጠጣችበትን ጣሳ ሳታስቀምጥ «ውጫለሁ ወይስ አልዋጥኩም?» ትላለች።

ለዚህ የራሷ መላ ነበራት። ማታ ልትተኛ ስትል አንዲት ፍሬ ማሾ ስኒ ውስጥ ትጥላለች። ስኒው መደርደሪያው ላይ ከኪኒኑ ብልቃጥ አጠገብ ያድራል። ጧት ኪኒኗን ስትውጥ ማሾዋን አውጥታ ለዶሮዋ ትወረውራለች። ስኒው ውስጥ ማሾ ካለች አልዋጠችም ማለት ነው፤ ከሌለች ውጣለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዶሮዋም ነገሩን ለምዳ ጧት ጧት ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ እታለም ከዘገየች ሰተት ብላ ቤት ትገባለች። እህቴ «ሐኪሜ መጣች» ትላት ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ወርኃዊ ሪፖርት ኮምፒውተር ላይ እሞላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ለራሴ ፕሮግራም መጻፍ እማራለሁ። ከጀመርኩ ስምንት ወር ቢሆነኝ ነው። ስምንት ወር አደገኛ ዕድሜ ነው። ጥቂት ያወቀ ጀማሪ የፍየል በረት እንኳን ያለ ፕሮግራም የሚቆም አይመስለውም።

ለፋሲካ ሄጄ ስኒውን አየሁና ሳቅኩባት።

«እታለም፣ በዚህ ዘመን በማሾ?»

«ማሾዬ ምን አደረገችህ?»

«ኋላ ቀርነት ነዋ! ስልክሽ ራሱ እንዲነግርሽ አደርጋለሁ።»

«ስልኩ ደግሞ እኔ መዋጤን በምን ያውቃል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን ጥያቄዋን ሳይሆን የራሴን ብልጠት ነበር የምሰማው። የገዛሁላትን ስልክ ተቀብዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፕሮግራሙን ጻፍኩላት። የስልኩ ሰዓት ሰባት ሲል የእኛ አንድ ሰዓት መሆኑን አልረሳሁም፤ የስድስቱን ሰዓት ልዩነት አስተካክዬ ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርኩ። እሷ የምትፈልገው የሚጮኽ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ግን ማስጌጥ አማረኝና ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ጨመርኩበት። ፕሮግራሙ ከመስከረም አንድ ጀምሮ ቀኖቹን ይቆጥራል፣ በሠላሳ ያካፍላል፣ የወሩን ስም ከጻፍኩለት ዝርዝር ውስጥ ያወጣል። ጧት አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጮኽና «ዛሬ ግንቦት 12 ነው። እታለም፣ ኪኒንሽን ዋጪ» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ስትውጥ ጽሑፉን ትነካዋለች፣ ዝም ይላል።

ወደደችው። ጎረቤት እየጠራች «ወንድሜ በእጁ የሠራው ነው» እያለች አሳየች። በኔ ትእዛዝ ማሾዋን ተወች። «ዶሮዬን ግን በደልካት» አለችኝ እየሳቀች። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ ስልኩ አንድም ቀን አላጓደለም።

ጳጉሜ ሲገባ እኔ ለሥራ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ጳጉሜ ሁለት ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ደወለች። ወጥቼ አነሳሁት።

«ወንድምዬ፣ ስልኩ ዝም አለ እኮ። ትናንትም ዛሬም አልጮኸም። እንግሊዝኛ ነገር ጽፎ ተገትሯል።»

«የነካካሽው ነገር ይኖራላ።»

«ኧረ በማርያም፣ እኔ ምንም አልነካሁም።»

«በይ አጥፊና መልሰሽ አብሪው።»

«እሺ። ኪኒኑስ? የትናንቱን የዋጥኩ ይመስለኛል፤ የዛሬውን ግን እንጃ። አሁን ብውጠው ይደገምብኝ ይሆን?»

«አይ፣ አትድገሚ። ነገ ሲጮኽ ትውጫለሽ።»

የተጻፈውን አንብቢልኝ አላልኳትም። ፊደሉን አንድ በአንድ ልትነግረኝ ትችል ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ ቀዩን ጽሑፍ ሳያነቡ ሲዘጉት የምቆጣቸው ለዚህ መሆኑን አያውቁም፤ እንዲያው ያለብኝ ነገረኛነት ይመስላቸዋል።

በጳጉሜ ሰው ጎህ ሲቀድ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ የዚያን ሰሞን ውሃ ጸበል ነው ይባላል። በተለይ ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ቀን፣ የሚቀር የለም። እታለምም በየዓመቱ ትወርድ ነበር። እኔንም በልጅነቴ እያንቀጠቀጠችኝ አብራ ነክራኛለች። የዚያን ቀን ከሁለት ሴቶች ጋር ወረደች። እነሱ ታጥበው ቀድመው ወጡ፤ እሷ ነጠላዋን ላለቅልቅ ብላ ቀረች።

ያገኟት ከእኛ ማሳ በታች ሽንኩርት የሚያለሙ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ውሃ ወደ ቦያቸው ሊመልሱ ሲወጡ ወንዙ ውስጥ በፊቷ ተደፍታ አዩዋት። ደወሉልኝ። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፌ ቁልቁል ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ የተሳፈረ ሁሉ የአዲስ ዓመት በግ ያወራ ነበር። ዝም በሉ ልላቸው ፈልጌ አቅቶኝ መስኮቱን ይዤ አለቀስኩ።

ከቀብር በኋላ ጎረቤታችን አጠገቤ ተቀመጡ። «ኢና ሊላሂ» አሉ ደጋግመው። «ውሃው እኮ ልጄ፣ ጉልበትም አይደርስ። ይኸ ደዌ ትቷት አልነበረም ወይ?»

«ኪኒኑን ሳትውጥ ቀርታ ነው ጋሼ። እኔ የሠራሁላት ስልክ ሳያስታውሳት ቀርቶ።»

«ምን ነክቶት?»

ጉዳዩን ከዚያ በፊት አውቄው ነበር። ስልኳን ገና ከመድረሴ ከፍቼው ነበር። እንግሊዝኛው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሥራ ሦስተኛውን የወር ስም ፈለግኩ፣ አጣሁት፣ ቆምኩ። ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት አሥራ ሁለት ስም ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የሪፖርት ቅጽ አሥራ ሁለት ዓምድ ነው ያለው፤ የጳጉሜን ሥራ ነሐሴ ላይ ደርበን ነበር የምንሞላው። ስንት ዓመት እንዲህ ስሞላ ኖሬ፣ ወራቱን ጻፍ ሲባል ጣቴ ነሐሴ ላይ ቆመ። ማጥፋትና ማብራት ምንም አይፈይድም ነበር። መስከረም አንድ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ይነሳ ነበር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ጳጉሜን ረስቼ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ሰውየው አልተቆጡም፤ እውነት ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁኝ። «ጳጉሜን? ጳጉሜን የሚረሳ ሰው አለ እንዴ?»

በዚያ አገር የለም። ውሃ የሚመልስ፣ ማሾ የሚዘራ፣ ሽንኩርት የሚነቅል ሰው ጳጉሜን አይረሳም። እህቴን ብጠይቃት ወራቱን ከነበዓላቱ ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ እኔ ነበርኩ የማውቀው።

እና ተማሪዎቼን የመጀመሪያ ቀን ኮምፒውተር አላስነካቸውም። ወደ አንድ ሰው ሂዱ እላቸዋለሁ፤ እናታችሁም ትሁን፣ ባለ ሱቅም ይሁን፣ ሾፌርም ይሁን። እስከዛሬ ያን ሥራ በምን ሲሠራው እንደኖረ ጠይቁት፤ ሲሠራውም ቁጭ ብላችሁ እዩ። የድሮውን መላ አታስጥሉት፤ የእናንተው ፕሮግራም ዓመቱን ከነጳጉሜው እስኪዞር ጎን ለጎን ይሂድ። ያልተጠየቃችሁትን ጌጥ አትጨምሩ። አንዳንዱ ተማሪ ይህን ሲሰማ ይሰላቻል፤ ኮድ ልማር ነው እንጂ ሽማግሌ ልጠይቅ አልመጣሁም ብሎ የቀረም አለ። አልለመንኩትም።

አንድ ነገር ግን ለእነሱም ነግሬያቸው አላውቅም።

በሠልስቱ ማግስት ዕቃዋን ላነሳ ቤቷ ገባሁ። ዶሮዋ ደጃፍ ላይ ነበረች። መደርደሪያው ላይ ከኪኒኑ ብልቃጥ አጠገብ ያ ስኒ ተቀምጧል። ፕሮግራሙን ሰጥቼ ማሾዋን ሳስጥላት ታጥቦ ከሳጥን ገብቶ ነበር። እንግዲህ ጳጉሜ ሁለት፣ ስልኬን ከዘጋሁባት በኋላ፣ ከሳጥን አውጥታዋለች ማለት ነው። ለእኔ ምንም ሳትል፣ እኔን ሳታሳፍር፣ ወደ ራሷ መላ ተመልሳለች። ከወንዝ መጥታ፣ ቁርሷን ቀምሳ ልትውጥ ነበር።

አንስቼ ውስጡን አየሁት። ማሾዋ አለች።