የወንድሜን ስኪ የሰው ያስመሰልኩ ዕለት

ዛሬ እናቴ የሟች ወንድሜን የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ለጓደኛው ለዳዊት እያስረከበች «ልጄን ይቅር በለው፣ የሰው ዕቃ ሳይመልስ ነው የሄደው» ስትለው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ስኪው የወንድሜ ነው። የሰው ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።

አርባው ሳይደርስ ልብሱንና ዕቃውን ለተቸገረ ስትሰጥ፣ ስኪውን እንዳትሰጥብኝ «የዳዊት ነው» አልኳት። ደውላ ትጠራዋለች ብዬ አላሰብኩም።

ዳዊት አንዴ አየኝና «ይቅር ብዬዋለሁ፣ እትዬ» ብሎ ተቀበላት።

ተከትዬው ወጥቼ ፓርኪንጉ ጋ ስደርስ አልተቆጣኝም። ስኪውን መኪናው ላይ እያሰረ ስለ ስኪው ነገረኝ።

«ይሄ ለለመደ ሰው ነው። በተደለደለ ጠንካራ በረዶ ላይ በጠርዙ ካጋደልከው፣ የቱንም ያህል ብትፈጥን አይንቀጠቀጥም። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ግን ይከብዳል። ወደ ኋላ ከተደገፍክ ደግሞ ጥሎህ ይሄዳል። ወንድምህ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ፊት ይጫነው ነበር። አንተ ገና ነህ፣ ጩጬ። እስክትለምድ እኔ ጋ ይቀመጥልህ። ለእትዬ ግን እውነቱን ንገራት።»

ስመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። «ከልቡ ይቅር አለው?»

«አዎ» አልኳት።

ወንድሜ የተዋሰውን እስኪመልስ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነበር። አሁን እናቴ ባልሠራው ጥፋት ስትጸልይለት ከክፍሌ እየሰማኋት ነው።

ይህን ለጥፌ ልነግራት እገባለሁ። (እናቴ ፌስቡክ የላትም። ስልኳ ያላችሁ የከተማችን የኦሮራ እናቶች፣ እባካችሁ አትቅደሙኝ።)

በሞተ ሰው ላይ ዋሽታችሁ በኋላ እውነቱን ለእናታችሁ የተናገራችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምን ነበር?