ሻሽ የታሰረበት ጊታር

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሸዋ ሮቢት ገበያ መግቢያ ላይ ሲገለበጥ የተሰበረው የቀኝ እጄ አንጓ ነው። ወጌሻ አሰረልኝ፣ አጥንቱም ገጠመ፤ መዞር ግን እምቢ አለ። ጣቶቼ ደህና ናቸው፣ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ክራር ለመግረፍ ግን አንጓ ካልዞረ ምን ዋጋ አለው?

ክራር ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። የዘመድ ሠርግ ላይ ሁልጊዜ እሳቸው ይመራሉ፣ እኔ እከተላለሁ። እጄ እንዲህ ከሆነ ወዲህ እሳቸውም ክራራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ተዉት። ብቻዬን አይሆንልኝም አሉ። ከስብራቱ ይልቅ እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደግሞ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።

አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ መጣ። እዚሁ ቅርብ ጀውሃ ነው የሚኖረው፣ በሠርግ ባንድ ይጫወታል። በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰውየው ክሩን አይገርፍም፤ የሁለቱንም እጆቹን ጣቶች ጊታሩ አንገት ላይ እያሳረፈ መታ መታ ያደርጋል፣ በቃ፣ ድምፁ ይወጣል። የሚዞር አንጓ የለም። ስልኩን ነጥቄ ደጋግሜ አየሁት።

መጀመሪያ የሞከርኩት በክራሬ ነው፣ ሞኝ አይደለሁ! ክራር አንገት የለውም። ክሩን ሲጫኑት የሚያርፍበት እንጨት ስለሌለ ጣት አየር ላይ ይዋኛል። ማሲንቆም ያው ነው፤ አንድ ክር ለአስር ጣት ምን ይሆናል?

የአክስቴ ልጅ ቦክስ ጊታር ይዞልኝ መጣ። ክሮቹ ከአንገቱ እንጨት ይርቃሉ፤ የቱንም ያህል አጥብቄ ብመታ ድምፁ በረንዳ ላይ የተቀመጡት አባባ ጆሮ እንኳ አይደርስም። በማግስቱ ሊድ ጊታሩን ከነአምፕሊፋየሩ ጭኖ መጣ። እሱስ ጣት ገና ሲያርፍበት ይጮሃል፤ ደስ አለኝ። ግን ክሮቹ ቀጫጭንና የተጠጋጉ ስለሆኑ ላብ ያራሰው ጣቴ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ትለምጂዋለሽ ይለኛል የአክስቴ ልጅ። ጊታሩንስ ልልመደው፣ የሮቢትን ሙቀት ማን ይለምድልኛል? ብርዳሙ ደብረ ሲና ብንሆን እሺ።

የቀረው ቤዝ ጊታሩ ነው። ለሴት ይከብዳል ብሎ ነበር ሳያመጣው የቀረው፤ ሰደብኩትና አመጣው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ክሮቹ ወፍራምና የተራራቁ ናቸው፣ ላቤም አላሳተኝ። ግን ጣቴን ባነሳሁ ቁጥር የለቀቅኩት ክር ለብቻው ያጓራል። ዜማ ሳይሆን የከብት በረት ሆነብኝ። ተስፋ ቆርጬ ላስቀምጠው ስል ክራር ትዝ አለኝ።

ክራር ስንገርፍ የግራ እጅ ሥራው የማይፈለጉትን ክሮች ይዞ ዝም ማሰኘት ነው። ልጅ ሳለሁ አባባ ስንቴ በዚህ ተቆጥተውኛል። አሁን ግን ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፤ ማን ይያዝልኝ? ሻሼን ከራሴ ፈታሁና ከመቃኛዎቹ ሥር፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት። የአክስቴ ልጅ፣ ሙሽራ አደረግሽው እኮ ብሎ ሳቀብኝ።

መታሁ። ማጓራቱ ጠፋ። የነካሁት ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ግራ እጄ ወፍራሙን ድምፅ ያዘ፣ ቀኙ ዜማውን። አንድ የሠርግ ዜማ በባቲ ቅኝት ጀመርኩ። እፎይ! ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት ከትከሻዬ የወረደ ያህል ቀለለኝ። አለቀስኩም፣ ምን ይደረግ።

ዜማው ሳያልቅ አባባ ከበረንዳው ገቡ። ሻሹን አዩ፣ አንጓዬን አዩ። ክራራቸውን ከግድግዳው አውርደው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉና አጠገቤ ተቀመጡ። ቀስ ብለው፣ ክር በክር፣ ከቤዙ ጋር ቃኙት።

"ጀምሪ እስቲ" አሉኝ። "ከእንግዲህ የምከተልሽ እኔ ነኝ።"