አንድ እየዘለሉ ማሰር

የልጄ አባት ፌሮ አሳሪ ነው። ፌሮ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት ነው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ብረቱ በቁመትና በአግድም ይዘረጋል፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ብረትና ብረት የሚገናኙበትን በቀጭን ሽቦ ያስራል። ሽቦውን ያሾልካል፣ በፒንሳ ይጠመዝዛል፣ ይቆርጣል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ቀና አይልም። ማታ ሲመጣም ወገቡ ቶሎ አይቃናለትም፤ የቤታችን በር ደግሞ አጭር ነው። «ይኸው፣ ለበሩ የሚሆን ቁመት ይዤ መጣሁ» ይለኛል። ስለ እሱ ስጽፍ ከዚህ ብጀምር ይሻላል ብዬ ነው። ቀልዱ ሳይነገር ሌላው ከተነገረ ሰው በክፉ ያየዋል። ክፉ ሰው አይደለም።

የሚሠራበት ቦታ ያለው ፎርማን የሽቦ ነገር ያንገበግበዋል። «ዳር ዳሩን ሁሉንም እሰሩ፤ መሀል መሀሉን አንድ እየዘለላችሁ» ይላቸዋል። አንዱ መገናኛ ይታሰራል፣ አንዱ ይታለፋል ማለት ነው። የልጄ አባት ይህን ሲያወራልኝ እኔ ደነገጥኩ። ሰው የሚኖርበት ፎቅ አይደለም እንዴ።

«ሞኝ ነሽ» አለኝ። «ደንቡ ነው እኮ። ሽቦው የሚፈለገው ብረቱ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ነው። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ሽቦ ኖረ አልኖረ ማን ይጠይቃል?»

እውነቱን መሰለኝ። የሠራቸው ፎቆች ሁሉ ቆመዋል።

ይቺ አንድ እየዘለሉ ማሰር ናት ቤታችን የገባችው። እንዴት እንደገባች ልናገር።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ አከራያችን ግቢ ውስጥ ከጀርባ በኩል። ፀሐይ አታያትም። አልጋው የተጠጋበት ግድግዳ ያልበዋል፤ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። በበረኪና አጥበዋለሁ፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ልጃችን የተወለደችው እዚሁ ሳለን ነው። ስትወለድ ጉንጯ ዓይኗን ሸፍኖት ነበር፤ አባቷ ድንቡሼ አላት፣ በዚያው ቀረ። ሳል የያዛት ገና ተደግፋ መቀመጥ ስትጀምር ነው። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት «ቤታችሁ እርጥበት አለው?» ተባልን። አለው አልን። «ከቻላችሁ ልቀቁት» አሉን። ከቻላችሁ።

መንገዱን ተሻግሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚከራይ ክፍል ነበር። መስኮቱ ሰፊ ነው። ድንቡሼን አዝዬ አብረን ሄደን አየነው። የልጄ አባት ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። አልበቃው አለና ጉንጩን ለጠፈበት። «ደረቅ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፤ ሌላ ሰው ሰምቶ እንዳይቀድመን ይመስል። ችግሩ የቤቱ ባለቤት የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይላል። እኛ ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ ነን።

በዚያው ሰሞን ነው አንድ እየዘለልን መኖር የጀመርነው። አንድ ቀን ዳቦ ይገዛል፣ በማግስቱ ባደረ ሩዝ ይታለፋል። አንድ ቀን ሻይ በስኳር፣ አንድ ቀን ያለ ስኳር። እሱ ወደ ሥራ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ሲመለስ በእግሩ። የተረፈችው ሳንቲም ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ትገባለች። ጣሳውን ወዝወዝ እያደረገ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ሳንቲም ቢያብር ደረቅ ቤት ያከራይ» ይላል። አከራያችን እትዬ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ግድግዳው ድምፅም ያሳልፋል። አንድ ቀን በር ላይ ቆመች።

«እናንተ ልጆች፣ ኪራዬንም አንድ ወር እየዘለላችሁ እንዳትከፍሉኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ዳር ኖት፤ ዳር አይዘለልም» አላት።

ሳቀች። የሥራውን ነገር ነግሯት ስለነበር ገብቷታል። እኔም ሳቅኩ። ልጅቷም ዳር ናት ብዬ ነበር የማስበው። ወተቷን አልዘለልንም፣ እንቁላሏን አልዘለልንም። በእሷ እንደማንዘል ቁጭ ብለን አልተባባልንም፤ የሚባልም አልመሰለኝም።

እኔ የምሠራው ላውንደሪ ነው። የሆቴል አንሶላ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። ከሰዓት ገብቼ ማታ ነው የምወጣው። ድንቡሼን ለእትዬ ሰጥቼ እሄዳለሁ፤ እሱ ከሥራ ሲመጣ ይረከባታል። ስለዚህ ልጅቷ ጠዋት የእኔ ናት፣ ማታ የእሱ።

እንዲህ እያልን ሳለ ድንቡሼ ትኩሳት ያዛት። ትንፋሿ ፈጠነ። ሳንባዋ ተነክቷል ተባለ፤ መድኃኒት ታዘዘላት። በጠርሙስ ያለ ዱቄት ነው፤ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው፣ ሰልፍ ነበረባት። «ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። ተሻላት ብላችሁ እንዳታቋርጡ። እስኪያልቅ ስጧት» አለችን። ሁለታችንም ሰምተናል። ዋጋውን ስትነግረን የልጄ አባት ሂሳቡን ለመክፈል ከጣሳው ያመጣውን በሙሉ አወጣ። መንገድ ላይ ልጅቷን እሱ ነበር የታቀፋት፤ ጠርሙሱን ደግሞ በሌላ እጁ እንደ እንቁላል ይዞታል።

ተሻላት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ጡቴን በደንብ መጥባት ጀመረች፣ ስቃም ነበር። ጠዋት ጠዋት ማንኪያዋን ስሰጣት ጠርሙሱን አያለሁ፤ ቶሎ አይጎድልም። ደስ አለኝ። ሥራ ቦታ አንሶላ አብራኝ ለምታጥፈው ነገርኳት። ምላጭ ነው የምንላት፤ የምታጥፈው አንሶላ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ምላሷም እንደዚያው።

«መድኃኒቱ በረከተልን» አልኳት።

«መድኃኒት ይበረክታል እንዴ? እንጀራ አደረግሽው?»

«ቶሎ አይጎድልም ማለቴ ነው።»

«ማንኪያሽ ትንሽ ትሆናለች። እዪ እስቲ።»

ቤት ገብቼ አየሁ። ማንኪያዋ ከመድኃኒቱ ጋር የተሰጠችን ናት። ልኩ እሷው ናት። እንግዲህ የአባቷ እጅ በረከት አለው አልኩና ተውኩት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ልጅቷ ስትነቃ አላለቀሰችም። ያ ነው ያስደነገጠኝ፤ ሁልጊዜ እያለቀሰች ነው የምትነቃው። ሳነሳት ሰውነቷ ይፋጃል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ስትተነፍስ ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አባቷ የሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ሳያስረው ተነሣ። እንዴት ሆስፒታል እንደደረስን አላስታውስም። እትዬ ነጠላ ጫማዬን በእጇ ይዛ እስከ አውቶቡሱ ስትከተለን ብቻ ትዝ ይለኛል።

ኦክስጅን አደረጉላት። ፊቷ ላይ ያለው ፕላስቲክ ከፊቷ ይበልጣል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዓይኗ ላይ የእንቅልፍ እጦት ይታያል። «በቅርቡ መድኃኒት ወስዳለች?» አለችኝ። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ብርሃን ላይ አድርጋ አየችው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን አነበበች፤ እንደገና አየችው።

«ይሄ እኮ እስካሁን ማለቅ ነበረበት። ማን ነው የሚሰጣት?»

«ጠዋት እኔ፣ ማታ አባቷ» አልኩ።

ወደ እሱ ዞረች። የጫማው ማሰሪያ መሬት ላይ ይጎተታል።

«አንድ እየዘለልኩ ነው» አላት።

«አልገባኝም።»

«ጠዋት እሷ ትሰጣለች። ማታ እኔ እዘላለሁ።»

እኔ ክው አልኩ። ሐኪሟ ግን ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው።

«ለምን ይዘለላል?»

«እንዲቆይ ነው። ደግሞ ብትታመም ከየት አመጣለሁ ብዬ። ግማሹ ቢቀመጥላት ብዬ።»

«እንዳታቋርጡ አልተባላችሁም?»

«አላቋረጥኩም፤ ዘለልኩ እንጂ።»

ሊከራከራት አልነበረም። ፊቱን አይቻለሁ። ለእሱ ማቋረጥ ሥራውን ጥሎ መሄድ ነው፤ መዝለል ሥራ ነው። ደግሞ እስኪያልቅ ተብሏል፤ አላለቀም። ሐኪሟ የተበጠበጠ መድኃኒት ከተወሰነ ቀን በላይ እንደማይቀመጥ ነገረችው፤ ለሌላ ጊዜ የሚሆን ነገር አልነበረም። «በሽታውን ግማሽ መትታችሁ ተዋችሁት። ግማሽ የተመታ ነገር ይነሣል፤ ሲነሣም መድኃኒቱን ለምዶት ነው» አለችው። አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር መሰለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ።»

«እንቢ እንደምል ካወቅክ ታዲያ…»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ። ጥያቄዬን አልጨረስኩትም። ትዳር ውስጥ ሳይጨረስ የሚቀር ነገር አለ። ለእሷ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ዳቦ የዘለለው ለእሷ ነው፣ በእግሩ የመጣው ለእሷ ነው። ማወቄ ግን አላቀለለኝም። ልጅቷ ያንን ፕላስቲክ ለብሳ ስትተነፍስ እያየሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እንዳልነካው ክንዴን ሰብስቤ ነው የተቀመጥኩት። እሱም አውቋል። ትንሽ ራቅ አለልኝ።

ተረፈች። ብዙ ከስታ ነው፣ ግን ተረፈች። ጣሳው ውስጥ የቀረው ለመኝታው፣ ለመርፌው፣ ለመመላለሻው አለቀ። ከሆስፒታል ወጥተን ስንመለስ ከመንገዱ ማዶ ያ መስኮት ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት፤ አንዳችንም አላነሣነውም። እርጥቡ ቤት ገባን። አልጋውን ከግድግዳው አራቀው፤ አሁን በሩ ሙሉ አይከፈትም።

አሁንም የሚሰጣት መድኃኒት ይዘን ነው የወጣነው። ጠዋትና ማታ። ሥራ የተመለስኩ ዕለት አመሻሽ ላይ ከላውንደሪው በር ሰው ጠራኝ። የልጄ አባት ነው። ድንቡሼን ኮቱ ውስጥ ጠቅልሎ አቅፏታል፤ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። ጠርሙሱ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

«ምንም አልሆነች። የማታዋ ነው።»

«ቤት አትሰጣትም? በዚህ ብርድ!»

«አንቺ እያየሽ ልስጣት።»

እንፋሎቱ መሀል ቆመን ሰጣት። ሴቶቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። በማግስቱም መጣ። በሚቀጥለውም። ምላጭ «ሐኪሙ ለዙር መጣልን፤ ተሰለፉ» ማለት ጀመረች። እሱ ይስቅላታል፣ ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ቤት ስንገባ ለመንኩት። ልጅቷ ከቤት ወጥታ ንፋስ እንዳይመታት፣ እሱም ደክሞት ውሎ እንዳይመላለስ።

«ቤት ስጣት በቃ። አምኜሃለሁ።»

«አንቺ ብታምኚም እኔ ማታ ማታ እጄን አላምነውም» አለኝ። «ማንኪያውን ስይዘው እጄ ይቆጥብብኛል።»

ምን ይባላል? ንግግር አይሆንልኝም፤ ከድሮም።

ትናንት ሲመጣ አንድ ነገር አሰብኩ። ድንቡሼን ሳም አደረግኳትና ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ አንሶላው ዞርኩ። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው፤ ሳላየውም እንደማምነው በዚህ ይገባዋል ብዬ ነው። ጫፉን ያዝኩ፣ ምላጭ ያንኛውን ጫፍ ያዘች። አጠፍን። ሁለተኛውን አነሣን። ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። ምላጭ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ ታያለች፤ አትቀልድም።

«ኧረ ዙሪ አንቺ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ዞርኩ። ማንኪያዋን ሞልቶ ይዟል። ድንቡሼ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፤ ጣፋጭ ስለሆነ ትወደዋለች። እሱ አልሰጣትም። ፊቴን እስካዞር ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

«እዪ እንጂ» አለኝ።

አየሁት። ሰጣት። ባዶውን ማንኪያ ገልብጦ አሳየኝ።