የትሎች ማኅበር

እኔ የማጠናው ትል ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ያጨማድድ! የበሰበሰ ፍሬ ላይ የሚኖር፣ ያለ ማይክሮስኮፕ ዓይን የማይሞላ ትል ነው። ነርቮቹ ተቆጥረው ያልቃሉ። ሆኖም ምግብ ሲቀርብለት አንዱ ዘር ተበታትኖ ለየብቻው ይበላል፤ ሌላው ተቃቅፎና ተደራርቦ ካልሆነ አይሆንለትም። ለምን? ወጣትነቴን የጨረስኩት በዚህች ጥያቄ ነው፤ አንዲት ቀንም አልጸጸተኝም።

የትውልድ ከተማዬ መካነ ሰላም ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ስመለስ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ «አብደሻል እንዴ?» አሉኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠችኝ። ትሎቹን ያገኘሁት እናቴ ጓሮ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር፣ ወድቆ ከበሰበሰው ፍሬ ላይ ነው። ከውጭ የተላኩልኝ፣ ዘራቸው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የኖረው፣ ለየብቻቸው ይበላሉ። የእኛዎቹ ግን ክምር ብለው! በደስታ ብቻዬን እልል አልኩ። በሩ ላይም «የትሎች ማኅበራዊ ጠባይ ጥናት» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ።

ይህን ወረቀት አንድ ዲያቆን አለፍ ሲል አነበበው። በእኛ በካህናት ሠፈር ደግሞ ማኅበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ የቅዱሱ ቀን፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ ጽዋው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በእሑዱ ቅዳሴ «የሟቹ ቄስ ልጅ ለትል ማኅበር አቋቋመች» ተብሎ ተወራ። እናቴ ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «በማን ስም ነው የሚጠጡት?» አለችኝ።

እሷ ከሞተች በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። በእኛ ዘንድ የእናት የማኅበር ቦታ ለልጅ ያልፋል፤ ልጇ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቦታ ከዶክተርነቴ አብልጬ ፈልጌው ነበር፤ ምን ያሳፍረኛል? በየወሩ በማርያም ቀን የተቀመጠችበት ነው። ቀጣዩ የመደገስ ተራም የእሷ ነበር።

የዚያን ወር ማኅበር የደገሱት የእናቴ ጓደኛ የነበሩ አሮጊት ናቸው። ጽዋው ለባለተራ የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ተነሡ።

«ልጄ፣ ጽዋ የሚይዝ እጅ ትል አይዳብስም። በማኅበር ስምም አይቀለድም። ትሉን ተይና የእናትሽን ቦታ ውሰጂ።»

ማኅበራዊ ማለት አብሮ የመኖር ጠባይ እንጂ ጠበል ጸዲቅ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። «ቃሉ ያው ነው» አሉ። ደሜ ፈላ።

«አባቴ፣ ትሉንም የፈጠረው እሱ ነው። ምን ቆርጦኝ እተወዋለሁ? ቦታውንም አልለቅም! ለሚመጣው ማርያም የእናቴ ቤት ክፍት ነው፤ የመጣ ይምጣ!»

«ያለ ጽዋ?» አሉኝና ጽዋው እዚያው አሮጊቷ ቤት እንዲቆይ አዘዙ። ማኅበሩ ተበተነ፤ ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

ወሩን ሙሉ ቀን ከትሎቼ፣ ማታ ከጠላ ጠመቃዬ ጋር ሆንኩ። ጎረቤት «ማን ሊጠጣው ነው?» ሲል «እኔ!» እለው ነበር። በቀኑ ዳቦውን አቀረብኩ፣ ቤቱን አሰናዳሁ፣ ተቀመጥኩ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ የሚያንኳኳ ጠፋ። አለቀስኩ፤ ከኀዘን ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

አሮጊቷ ያኔ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ጽዋው ከብብታቸው ሥር አለ።

«አብሽሪ ልጄ!» አሉኝ፣ በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም በሚጋራው አነጋገር። «ማኅበር ማለት ጽዋው ያለበት ቤት ነው። ወላሂ፣ ሲፈልጉ ተከትለው ይምጡ፣ ሳይፈልጉ ጦማቸውን ይደሩ!»

ምን ያድርጉ? ጽዋው እኔ ቤት መግባቱን ሰሙ፤ የማርያምን ቀን ደግሞ የሚያስቀር የለም። የማኅበሩ ቄስ ቀደሙ፤ ሌሎቹም እየተግተለተሉ ገቡ። ሙሴው መጨረሻ ላይ መጥተው በር አጠገብ ተቀመጡ። ጸሎቱ አልቆ ጠላውን ይዤ ፊታቸው ስቆም ዋንጫቸውን በእጃቸው ከደኑት።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አሉኝ።

«ታጥቤያለሁ አባቴ። ነገ ጠዋት ደግሞ ትሎቼ ዘንድ እገባለሁ።»

ጋኑ ባዶ እስኪሆን ቢያቆሙኝ እንኳ ከፊታቸው አልንቀሳቀስም ነበር። እጃቸውን አነሡ፤ እኔም እስከ አፉ ሞላሁላቸው።