ግማሹ ሰርግ፣ ግማሹ ለቅሶ

እማዬ ስትደውል ሽሮ ሜዳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። "ሃሎ" እንኳ ሳልል "ተዘጋ!" አለችኝ። ሱቁ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ምኑ ነው የተዘጋው ብዬ ልጠይቃት ስል ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ገባኝ፤ መዝገቡ ነው። የኔ መዝገብ። ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ አልፈርምም። ከፊቴ የቆመችውን፣ ጭራሽ የማላውቃትን ሴትዮ አቅፌ ሳምኳት። ሴትዮዋ መጀመሪያ የያዘችው ቦርሳዋን ነው። አልፈረድኩባትም፤ እኔም የከረምኩት እንደሷ ሆኜ ነው።

እስከ ትናንት ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር አልጻፍኩም። መዝገቡ ክፍት እያለ የጻፍኩት ሁሉ ማስረጃ የሚሆንብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እጄ አላርፍ አለኝ። በቃ ልጻፈው። የማንንም ስም አልጠራም።

የወሰዱኝ ከክፍል ነው፣ ሒሳብ እየተማርን። ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤታችን ሁለት ወንዶች ልጆች ተወስደው የት እንዳሉ የሚነግረን ሰው ጠፍቶ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የግቢው ግድግዳ ላይ በትልልቁ "ጓደኞቻችን የት ናቸው?" ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ፖሊሶቹ የጻፈውን ሰው ፈለጉ። እኔ አውቃለሁ። የልብ ጓደኛዬ፣ ቤስቴ ናት። በከሰል የጠቆሩ ጣቶቿን ቧንቧ ላይ በሳሙና ያጠብኩላት እኔ ነኝ። እሷ በማግስቱ ክፍለ ሀገር፣ አክስቷ ጋ ሄደች። አንድ ዴስክ ላይ ስለምንቀመጥ እኔን መጥተው ወሰዱኝ።

ጣቢያው እዚሁ ጉለሌ ነው። የሴቶቹ ክፍል ድሮ ዕቃ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ መደርደሪያ የነበረባቸው ምስማሮች ግድግዳው ላይ እንዳሉ ቀርተዋል። ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ትንሽ መስኮት አለች። አንዳንዴ በሷ በኩል ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል፤ ሲገባ ሁላችንም ዝም እንላለን።

ከኔ በፊት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ እማማ የምላቸው አሮጊት ናቸው። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ በሱ ፈንታ ነው ያመጧቸው። ሁለተኛዋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ በምን ገባሽ ስትባል "በፌስቡክ" ብላ ትስቃለች። ሥራዋ ፀጉር ነው፤ ስለዚህ ሹሩባ ሠሪዋ እላታለሁ።

የገባሁ ዕለት እማማ ከስንቃቸው ከፍለው እያበሉኝ፣ "ልጄ፣ እዚህ ቤት ማንንም እንዳታምኚ" አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ "እኔንም ቢሆን" አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፀጉሬ ጎፈሬ ሆነ።

"ነይ እስቲ ሚጣዬ፣ ይሄ ፀጉር ነው ወይስ የወፍ ጎጆ?" አለችኝ ሹሩባ ሠሪዋ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ጭንቅላቴን ጉልበቷ መሃል ያዘችው። ማበጠሪያዋ ጥርሱ የረገፈ ነው፤ ፀጉሬን የምትከፍለው በጥፍሯ ነበር። ከተያዝኩ ጀምሮ ጆሮዬ ሥር ወጥቶ የነበረው ትከሻዬ ያን ጊዜ ወረደ።

ሹሩባ እየተሠሩ ዝም ማለት አይቻልም። የተሠራችሁ ታውቁታላችሁ። የምትሠራሽን ሰው ፊት አታዪውም፤ ድምጿ ብቻ ከላይ ይመጣል፤ ሳታውቂው አፍሽ ይፈታል። መጀመሪያ እሷ አወራች። ታናሽ ወንድም አላት፤ እሱም ይፈለጋል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ የት እንዳለ ነገረችኝ። ያለችኝን ቦታ እዚህም አልጽፈውም።

የቀኙ ጎን አልቆ ወደ ግራው ስትዞር፣ እጇን ሳታቆም "ከሰሉን ግን ከየት አገኛችሁት?" አለችኝ።

እኔ ስለ ከሰል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

"የምን ከሰል?"

"ያው፣ ግድግዳው ላይ..."

ተነሣሁ።

"ኧረ ቁጭ በይ! ገና ግማሽ ነው እኮ!"

"ይበቃኛል።"

"ምን ይበቃሻል? በግማሽ ራስ ልትሄጂ ነው?"

"የት እሄዳለሁ?" አልኳትና ጥጌ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እማማ ከጸሎታቸው ቀና ብለው አዩኝ። በቀኝ በኩል ልቅም ያለ ሹሩባ፣ በግራ በኩል ጎፈሬ። "ግማሹ ሰርግ፣ ግማሹ ለቅሶ" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከግርፊያም ይብሳል ልላችሁ ነበር... ማለቴ፣ እኔን ማንም አልመታኝም፤ ስለዚህ ማወዳደር አልችልም። ግን ሰው መጠርጠር በሽታ ነው። ሹሩባ ሠሪዋ ጆሮ ጠቢ ናት አልኩ። የወንድሟን ነገር የነገረችኝ የኔን ለማውጣት ነው፤ መንጠቆ ላይ እንደሚሰካ ትል። ጠባቂዋ ለምን "አንቺ ቀልደኛ" ትላታለች? ብርድ ልብሷ ለምን አዲስ ሆነ? ቀጥዬ ወደ እማማ ዞርኩ። ሰው ልጁ ጠፍቶ እንዴት እንዲህ ተረጋግቶ ይተኛል? ሲጸልዩ እንኳ አንድ ጆሯቸው ወደኔ የቆመ ይመስለኝ ጀመር። ሹሩባ ሠሪዋ ጠዋት ጠዋት "ነይ ልጨርስልሽ" ትላለች፤ እኔ "ራሴን አሞኛል" እላለሁ። ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ "ነይ" ማለት ተወች።

መርማሪው ያስጠራኝ በዚያው በግማሽ ራሴ ነው። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ጥሩ ተተኩሷል።

"ይሄ ደሞ ምንድነው? አዲስ ፋሽን?"

"አላለቀም።"

"የጀመረችልሽን አውቃታለሁ። ያቋረጥሻት ለምንድነው?"

ጎፈሬዬን በእጄ ሸፈንኩ። እሱ ግን የተቆጣ አይመስልም።

"ስለ ግድግዳው ዛሬ አልጠይቅሽም" አለኝ። "ያቺ ሴትዮ ፀጉር ስትሠራ ብዙ ታወራለች፤ አይደል? ስለ ወንድሟ ያለችሽን ብቻ ንገሪኝ። ከእናትሽ ጋር ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ የግድግዳውንም ጸሐፊ እንረሳዋለን። እስከ ነገ አስቢበት።" ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ጥቅል ብስኩት አውጥቶ እጄ ላይ አደረገልኝ።

በኮሪደሩ ስመለስ ሒሳቡን አሰላሁ። ቤስቴ ትድናለች፣ እኔ እወጣለሁ፣ የምከፍለው ደግሞ ጆሮ ጠቢ ናት ብዬ የማስባትን ሴት ነው። ምን ቸገረኝ? የተናገረችው ውሸት ከሆነ ማንም አይጎዳም። ግን እውነት ከሆነስ? ወይም እሱና እሷ ተነጋግረው እየፈተኑኝ ከሆነስ? እንዲህ እያልኩ በሩ ተከፈተ።

እማማ ብስኩቱን አዩት፤ ከብስኩቱ ቀጥሎ እኔን።

"እማማ፣ ይቅመሱ" አልኳቸው።

"ጾም ነኝ ልጄ።"

ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ሁዳዴም አልገባም። ሹሩባ ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ከወለሉ አነሣችና ብብቷ ውስጥ ከተተችው። የብርድ ልብሷን ክር ትመዛለች፣ ትመዛለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለነሱ ጆሮ ጠቢዋ እኔ ነኝ።

"ምንም አልተናገርኩም" ልላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጆሮ ጠቢም ቢሆን የሚለው ይህንኑ ነው። ብስኩቱን ጥግ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። በሩ የፖሊሶቹ ነው፣ ቀኑም የነሱ ነው፣ ነገ የሚጠይቀኝም መርማሪው ነው። የኔ የሆነ ምን አለ እያልኩ እጄን ሳነሣ ጎፈሬውን ነካሁት። ይሄ የኔ ነው።

ሹሩባ ሠርቼ አላውቅም፤ ቤት ሁሌም የምትሠራኝ እማዬ ናት። በጥፍሬ ለመክፈል ሞከርኩ፤ መስመሩ ወደ ጆሮዬ ሸሸ። ጎነጎንኩት፤ ተፈታ። ደገምኩት፤ ተፈታ። መስተዋት የለ፣ ክንዴ ዛለ፣ ላለቅስ ትንሽ ቀርቶኛል።

"ከሥር ያዢው።"

ሹሩባ ሠሪዋ ናት። ከጥጓ አልተነሣችም። እኔንም አላየችኝም፤ የምታየው ብርድ ልብሱን ነው።

ከሥር ያዝኩት።

"አታጥብቂው። ቆዳሽን ከጎተተሽ ነገ ራስሽን ያምሻል። ሦስቱንም እኩል። ስትወርጂ ከጎን ትንሽ ትንሽ ጨምሪበት።"

እማማ ትንሽ ታገሡና አላስቻላቸውም። "ጠመመ፤ ወደ ግራ።"

"የኔ ግራ ነው የእርስዎ?"

"ያንቺ እንጂ! የኔ ራስ ላይ ነው እንዴ የምትሠሪው? ኸረ አሁን ደሞ ወደ ማጅራት ሄደ!"

ሹሩባ ሠሪዋ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን መለሰችው። ማበጠሪያዋን አላቀበለችኝም፤ እኔም አልለመንኳት። ከሰዓቱ እንዲህ አለፈ። እሷ ለብርድ ልብሱ ትናገራለች፤ እማማ መስተዋት ናቸው፤ እኔ እጅ ነኝ። አንዳችንም አንዳችንን አላመንም። ቢሆንም መስኮቷ ደብዘዝ ስትል ግራው አልቆ ነበር።

ጠዋት መርማሪው ራሴን ዐየና "አለቀ" አለ።

"አዎ።"

"ጨረሰችልሽ?"

"ራሴ ነኝ የጨረስኩት።"

ብስኩቱን እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። እሱን ትንሽ ዐየት አደረገና "እሺ፣ ምን አሰብሽ?" አለኝ።

"የምታወራው ስለ ፀጉር ነው።"

"ስለ ፀጉር ምን?"

"ካጠበቁት ግንባር ላይ ይሳሳል አለች።"

"ሌላስ?"

"ቫዝሊን አይብዛ።"

ራሴን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ የሠራሁትን እንዲያየው ፈልጌ ነው። ብስኩቱን መሳቢያው ውስጥ መለሰና ወደ በሩ ዞሮ "መልሷት" አለ።

የዚያችን መልስ ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ከዚያ በኋላም ቆየሁ። እማዬ በየቀኑ ስንቅ እያመጣች፣ በር ላይ ቅመሺ እየተባለች ያበሰለችውን እየቀመሰች ትሰጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት "ዕቃሽን ያዢ፣ በዋስ ነሽ" ተባልኩ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሹሩባ ሠሪዋ ከጥጓ ራሴን ዐየችው።

"ግራው ጠማማ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አይፈታም ግን" አለችኝ።

ስለ ወንድምሽ አልተናገርኩም ልላት ፈለግሁ። ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማለች። አልተናገርኩም ማለትም በዚያ ቤት መናገር ነው። ስለዚህ "ቻው" ብቻ ብያት ወጣሁ።

እማዬ በር ላይ አቅፋኝ አቅፋኝ፣ ዕንባዋን ስትጠርግ ራሴን ዐየች። "ማነው እንዲህ ያበላሸሽ?"

"ግራው የኔ ነው።"

"ቤት ስንገባ እፈታዋለሁ።"

"አትፈቺውም" አልኳት። አልፈታችውም። እየሳሳ፣ እየተንጨባረረ፣ የሰፈር ሰው እየሳቀብኝ ይዤው ከረምኩ።

ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ ያቺ ሴት ጆሮ ጠቢ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰሉን በመንገዱ ያለፈ ሁሉ ግድግዳው ላይ አይቶታል፤ ልትሰማ ትችላለች። ላትሰማም። አሁንም ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ብዙ ሲጠይቀኝ ወራጅ አለ እላለሁ። ይሄ በመዝገቡ መዘጋት አብሮ አልተዘጋም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የሷን ማንነት ሳላውቅም የራሴን መምረጥ ችያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቤስቴ ከአክስቷ ቤት መጣች። የግድግዳው ጉዳይ ጨርሶ መዘጋቱን ስነግራት ሌሊቱን አልተኛችም፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረች። ፀጉሯ ጎፈሬ ሆኗል። ወለሉ ላይ አስቀመጥኳትና ራሷን ጉልበቴ መሃል ያዝኩት። የቀኙን ሠራሁላትና ማበጠሪያውን እጇ ላይ አደረግሁት።

"ግማሽ ነው እኮ!" አለች።

"ግራውን አንቺ። ከሥር ያዢው።"

ይሄን እየጻፍኩ ድምጿ ይሰማኛል፤ "ተፈታ! ደሞ ተፈታ!" እያለች ነው።

እንግዲህ እናንተም ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ክፍት ነው፤ የሰፈር ልጆች ቤቱን ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ያቺ ጠማማ ሹሩባ የነበራት ልጅ ብላችሁ ጠይቁ። እንደኔ ተወስዳችሁ የተመለሳችሁም፣ ያልተወሰዳችሁም ኑ። የምጠይቃችሁ ነገር የለም፤ ስማችሁንም ቢሆን። አንቺም፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ያለሽ፣ ወጥተሽ ይሄን ካነበብሽው ነይ፤ ጀርባዬን ሰጥቼሽ እቀመጣለሁ። ሌሎቻችሁ ግን ማበጠሪያ ይዛችሁ ኑ። ግማሹን እኔ እሠራላችኋለሁ፤ ግማሹ የእናንተ ነው።